ማንሣት ነው ወይስ መጣል? ስለ ፎቶግራፍ ቅንብር ለጀማሪ ባልንጀሮቻችን

ዛሬ በግቢያችን ውስጥ ከጥቂቶች በቀር በኪሱ ካሜራ ይዞ የማይዞር ተማሪ የለም። ቀድሞ ፎቶግራፍ መነሣት የፈለገ ሰው ልብሱን አሳጥቦ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ወደ ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ከተቀባው መጋረጃ ፊት እጁን በወንበር ላይ አሳርፎ ይቆም ነበር፤ ባለ ፎቶ ቤቱም ፊልሙ ገንዘብ ነውና ሁለት ጊዜ አስቦ አንድ ጊዜ ይጫን ነበር። አሁን ስልክ የያዘ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ጊዜ ይጫናል፤ አንድ ጊዜም አያስብም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ማታ በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ ከሁለት መቶው ውስጥ አንድ ደኅና ሲፈልግ ያመሻል።

ስለዚህ ጉዳይ በዚህ ገጽ ላይ መጻፋችን የሚያስቃቸው ባልንጀሮች እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ማኅበሩ የምግብ ቤቱን ጉዳይ፣ የመጻሕፍት ቤቱን ሰዓት፣ የመኝታውን ጥበት ትቶ ስለ ፎቶግራፍ ማሳመር ያወራል ወይ?» የሚሉን አይጠፉም። ነገሩ ማሳመር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ከእነርሱ ጋር በሳቅን ነበር። የፎቶግራፍ ቅንብር የምንለው ግን ጌጥ አይደለም። ማን በሥዕሉ ውስጥ ይግባ፣ ማን በጠርዙ ይቆረጥ፣ ማን ፊት ይቁም፣ ማን ከኋላ ይደብዝዝ ብሎ የመፍረድ ሥራ ነው። ይህን ፍርድ ሳያውቀው የሚፈርድ ሰው አልፈረድሁም ሊል አይችልም፤ ጣቱ ፈርዷል።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ አንድ የሚደንቅ ቃል አለው። ሌሎች ሕዝቦች ፎቶግራፍን «ወሰድሁ» ወይም «ሠራሁ» ሲሉ እኛ «አነሣሁ» እንላለን። ሥዕሉ የተያዘለትም ሰው «ተነሣ» ይባላል። ማንሣት ከፍ ማድረግ ነው። ቃሉ እንዴት እንደ መጣ የቋንቋ መምህራኖቻችን ይመራመሩበት፤ ለእኛ የሚበቃን፣ በየቀኑ የምንናገረው ቃል ራሱ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚያሳስበን መሆኑ ነው። ታዲያ በስልኮቻችን ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ስንቶቹ በእውነት ሰውን ያነሡ ናቸው? ስንቶቹስ የጣሉ?

ምሳሌ እንስጥ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ብዙ ቀን የሰነበተ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ይህ ጋዜጣ በስቴንስል የሚባዛ በመሆኑ ሥዕሉን ማተም አንችልም፤ በቃል እንግለጸው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ገጠር ለበጎ ፈቃድ ሥራ የወጡ አምስት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው ይሥቃሉ። በስተቀኝ በኩል አንድ ገበሬ አሉ፤ ግማሽ ፊታቸው በሥዕሉ ጠርዝ ተቆርጧል፤ የያዙት የሞፈር ጫፍ ብቻ ገብቷል። በተማሪዎቹ እግር ሥር ሁለት ሕፃናት ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ስለሚያያቸው የሚታየው የራስ ቅላቸው ነው። ከመካከለኛው ተማሪ ራስ ላይ የመብራት እንጨት በቅሏል። ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ ደግሞ «ከሕዝባችን ጋር» ይላል። ሕዝቡ የት አለ? ግማሹ ከጠርዝ ውጭ፣ ግማሹ ከእግር በታች! ያነሣው ልጅ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው አያጠራጥርም። ካሜራው ግን ሐሳብ አያነሣም፤ የሚያነሣው ከፊቱ የተደረደረውን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሥዕል ተነሥተን ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባውን እንመልከት።

የመጀመሪያው ነገር ጠርዝ ነው። ሰው ሲያነሣ ዓይኑ የሚወደው ፊት ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ አራቱን ጠርዞች የሚያይ የለም። ከመጫን በፊት ዓይንን በአራቱም ጠርዝ ዙሪያ አንድ ጊዜ ማዞር ይበቃል፤ ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይፈጅም። እዚያ ግማሽ ሰው ካለ ወይ ሙሉ ይግባ ወይ ሙሉ ይውጣ። ሰውን መቁረጥ የግድ ከሆነም ከመገጣጠሚያ ላይ አይቆረጥ፤ ከጉልበት፣ ከቁርጭምጭሚት ወይም ከእጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ሰው አካሉ የጎደለ ይመስላል። ከደረት ወይም ከጭን መካከል ቢቆረጥ ግን ዓይን ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ከራስ ላይ ለሚበቅለው የመብራት እንጨት፣ ከጆሮ ለሚወጣው የዛፍ ቅርንጫፍ መድኃኒቱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ነው። እንጨቱ አይንቀሳቀስም፤ ፎቶ አንሺው ግን እግር አለው። ብዙዎቻችን ይህን የረሳን እንመስላለን።

ሁለተኛው ቁመት ነው። የቆመ ሰው የተቀመጠውን ሲያነሣ፣ ካሜራው ወደ ታች ስለሚያይ ራስ ይገዝፋል፣ እግር ይኮሰምናል፣ ከጀርባም አፈር ብቻ ይታያል። የተቀመጠው ሰው ትንሽ፣ ረዳት የሌለውና ለማኝ ይመስላል፤ በቤቱ ደጃፍ በመደቡ ላይ የተቀመጠ የተከበረ ሽማግሌ ቢሆን እንኳ። ከታች ወደ ላይ ሲነሣ ደግሞ ሰው ይገዝፋል፤ የሹማምንት ሥዕልና ሐውልት እንዲህ የሚነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ለጀማሪ የምንመክረው ካሜራውን በሚነሣው ሰው ዓይን ትክክል ማድረግን ነው። ሕፃን ከሆነ ተንበርከክ፤ እናት በበርጩማ ላይ ከሆኑ ቁጢጥ በል። ሱሪ ይቆሽሻል የሚል ካለ ሱሪ ይታጠባል። በጎልማሳና በሽማግሌ ፊት ዝቅ ማለት በእኛ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ተማሪ ካሜራ ሲይዝ ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አይገባንም።

ስለ ርቀት አጭር ነገር እንጨምር። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው፤ ብዙ ነገር ያስገባል። ይህ ለመልክዓ ምድር ጥሩ ሲሆን ለፊት ግን መጥፎ ነው። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲነሣ አፍንጫ ይረዝማል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቆሞ ስልኩ ባለ ሁለት እጥፍ ሌንስ ካለው በእርሱ ማንሣት መልክን እንደ መልክ ያወጣዋል። በዚሁ በሰፊው ሌንስ ብዙ ሰው ባንድነት ሲነሣም ከጠርዝ የቆሙት ሰዎች ወደ ጎን ይለጠጣሉ፣ ይወፍራሉ። ይህን ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና አንባቢ ይያዝልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ብርሃን እንምጣ። በውጭ አገር የተጻፉ የጀማሪ መምሪያዎች ስለ ብርሃን የሚናገሩት አብዛኛው ለእኛ ሰማይና ለእኛ ልብስ የተጻፈ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በትክክል ከራሳችን በላይ ትሆናለች፤ በሌላውም ጊዜ ቢሆን ከዚያ እጅግ አትርቅም። እንዲህ ያለ ብርሃን በግንባር ላይ ይወድቅና ዓይን ያለበትን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል። በስድስት ሰዓት በሜዳ ላይ የተነሣ ሰው ዓይን የሌለው የሚመስለው ለዚህ ነው። እስከ ጧቱ ሦስት ሰዓት ድረስና ከዐሥር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ይቀርጸዋል። በቀትር ማንሣት የግድ ከሆነ ሰውየውን ወደ ጥላ ማስገባት ነው፤ ከዛፍ ሥር፣ ከቤት ክዳን ሥር፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከበር አፍ። ከጨለማ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ውጭ የሚመለከት ሰው ፊቱ ለስላሳ ብርሃን፣ ጀርባው ጥቁር ይሆናል። ይህን የመሰለ ፎቶ ቤት በብዙ ገንዘብም አይሠራም፤ በየሠፈሩ ግን በነጻ አለ።

ከዚህ የሚከብደው ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ባንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ይገምታል። እናታችን ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲቆሙ ብዙው የሥዕል ክፍል ነጭ ይሆናል፤ መለኪያውም «ይህ እጅግ በራ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ደግሞ ጥቁር ጥላ። ከዚያ በኋላ «እማማ ፎቶ አይወጡም» ይባላል! የማይወጡት እርሳቸው አይደሉም፤ ያልወጣው የመለኪያው ስሌት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልኩ መስታወት ላይ ፊታቸውን በጣት መንካትና ከጎን የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ገፋ ማድረግ፤ በካሜራ ከሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመሩ ማዞር። አዳዲስ ስልኮች ፊትን አውቀው ራሳቸው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። ታዲያ በዚህም ልክ አለ። ገፋ ሲደረግ ከበዛ ነጠላው ወረቀት ይሆናል፣ ጥለቱም ይጠፋል። ጥለቱ እስኪታይ፣ ፊቱም እስኪታይ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ በጥላ ውስጥ ሲሆን ግን ይሰፋል። ለዚህ ነው ወደ ጥላ ግቡ የምንለው።

ይህ የስሌት ጉዳይ እንደሚመስለው ንጹሕ ታሪክ የለውም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለቀለም ማስተካከያ ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ቀለሙ ሁሉ የሚስተካከለው ለእርሷ ቆዳ ነበር። በጠቆረ ቆዳ ላይ ያለው ጉድለት በቶሎ አልታረመም፤ የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የሸቀጣቸው ቡናማ ቀለም በትክክል አልወጣልንም ብለው ማማረራቸው ለመሻሻሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። ለሰው ፊት ያልተደረገው ለቸኮላት ተደረገ ማለት ነው። ታሪኩን ያነሣነው ለቁጣ አይደለም። መሣሪያው ለማን ተብሎ እንደ ተስተካከለ የሚያውቅ ተማሪ «እማማ ፎቶ አይወጡም» አይልም፤ ቁልፉን ያዞራል።

አንዳንዶች የፎቶግራፍ ቅንብር ሲባል የሚያውቁት አንድ ደንብ ብቻ ነው፤ እርሱም የሲሶ ደንብ ነው። ሥዕሉን በሁለት ቋሚና በሁለት አግዳሚ መስመር ከፍለህ ዋናውን ነገር ከመካከል ሳይሆን መስመሮቹ ከሚገናኙበት ላይ አኑር ይላል፤ ስልኮችም መስመሩን ሥለው ያሳያሉ። ሲሶ የሚለውን ቃል አያቶቻችን የሚያውቁት ጭሰኛ ለባለ መሬት ከሚከፍለው እህል ነበር፤ አሁን ደግሞ የሥዕል ጭሰኞች ሆነንበታል። ደንቡን በዚህ ስም የጻፈው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797። የጻፈውም ስለ ገጠር መልክዓ ምድር አሣሣል ነበር፤ ሰማዩ ምን ያህል ይሁን፣ ምድሩ ምን ያህል ይሁን በማለት። ለዚያ ጥሩ ምክር ነው። አድማስን ከመካከል አሳልፎ ሥዕሉን ለሁለት ከሚሰነጥቅ ሰው አድማሱን ወደ ታችኛው ወይም ወደ ላይኛው ሲሶ የሚያወርድ ወይም የሚያወጣ ይሻላል። ወደ ጎን የሚመለከትን ሰው በሚመለከትበት በኩል ቦታ መተውም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግድግዳ የሚያይ ይመስላል።

ነገር ግን ደንቡን እንደ ሃይማኖት የያዙት ሰዎች «መካከል ላይ ማድረግ ስሕተት ነው» ሲሉ እንቃወማለን። የራሳችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመልከቱ። ቅዱሱ ከመካከል ነው፤ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሣለው ክፉው ነው። ሠዓሊው ቅንብር አያውቅም ነበርን? ያውቃል እንጂ! የትኛው ሰው ተመልካቹን በሁለት ዓይን እንዲያይ፣ የትኛው እንዳያይ ቆርጦ ነው የተነሣው። የድሮ ፎቶ ቤቶቻችንም ሰውን ከመካከል አቁመው በቀጥታ ያነሡት ከዚሁ ልማድ የራቀ አይመስለንም። ሰው ክብሩን ይዞ ወደ ካሜራው ሲመለከት ቦታው መካከል ነው። ሲሠራ፣ ሲሄድ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገር ግን ወደ ጎን ይሁን፤ የሚሠራው ነገርም ቦታ ያግኝ። ሸማኔን ያለ ሸማው፣ ሸክላ ሠሪን ያለ ጭቃዋ ማንሣት መታወቂያ ወረቀት ማንሣት ነው።

ስለ ክፈፍ ስንናገር ስለ 1977 ዓ.ም. ዝም ማለት አንችልም። በዚያ ዓመት በጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ፤ ከዚያ የተከተለው እርዳታ የብዙ ሰው ሕይወት አተረፈ። ስለዚህ ያን ሥዕል የምንወቅስ አይደለንም፤ ያየውን አሳየ፤ ሊታይም ይገባው ነበር። የምንወቅሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ልማድ ነው። ብዙዎች ያንኑ ክፈፍ በኪሳቸው ይዘው መጡ፤ ዝንብ ያረፈበት ሕፃን፣ የተዘረጋ እጅ፣ ከላይ ወደ ታች የታየ ሕዝብ። ከጠርዙ ውጭ እህል የሚያድለው ያገሩ ልጅ፣ የምታክመው ነርስ፣ ልጆቹን ተሸክሞ ስንት ቀን የተጓዘ አባት ነበሩ፤ እነርሱ ግን አልገቡም። የኢትዮጵያ ስም በውጭ አገር ለብዙ ዘመን ያ ክፈፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 አይዳ ሙሉነህ የአዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት አፍሪካውያን ራሳቸው ያነሡት ሥዕል እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የሚታይበት መድረክ ተገኘ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የውጭውን ፎቶ አንሺ ስንከስ በገዛ ስልካችን ያንኑ ሥዕል እንዳንደግመው እንጠንቀቅ። በመንገድ ዳር የተኙትን ሽማግሌ ከቆመበት ሆኖ አንሥቶ በላዩ የሚያሳዝን ቃል የሚጽፍ ተማሪ ከማን ይለያል?

«ታዲያ ፈቃድ ከጠየቅን ሰው ይደነግጣል፤ ተፈጥሮው ይጠፋል» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይቀርባል። ከፊሉ እውነት ነው። «እማማ፣ ላንሣዎት?» ሲባሉ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። ያኮሳትሩ! ይህም የእርሳቸው ቅንብር ነው፤ እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ እየነገሩን ነው። ያን መጀመሪያ አንሡ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ጨዋታ ጀምሩ፣ ካሜራውን አውርዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰው ካሜራውን ይረሳዋል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል፤ የሚፈለገው ተፈጥሮ ያን ጊዜ ይመጣል። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በ1952 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍ የታወቀው ወሳኟን ቅጽበት በመያዝ ነው፤ ብዙዎች ግን ቅጽበቷን በሩጫ የሚያዝ ነገር ያደርጓታል። የሚበዛው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ቦታውን መርጦ፣ ብርሃኑን አይቶ፣ ሰው እስኪገባበት መጠበቅ። እምቢ ካሉ ደግሞ እምቢ ብለዋል፤ ከዛፍ ጀርባ ሆኖ መስረቅ አይገባም።

እነሆ የምረቃ በዓል ይመጣል፤ ከላይ የተናገርነው ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈተንበት ጊዜ ነው። ጥቁር ካባ የለበሰ ተመራቂ ነጭ ከለበሱ እናቱ አጠገብ ይቆማል። በቀትር ነው፤ በሜዳ ላይ ነው፤ ባርኔጣው በግንባሩ ላይ ጥላ ይጥላል። መለኪያው ጥቁሩን ካየ ነጠላውን ያቃጥላል፣ ነጩን ካየ ፊቶቹን ያጠፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን አቋቋሙ ነው፤ ጓደኞች ከመካከል ይጋፋሉ፣ ከሩቅ አገር ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዙ ያደሩት አባትና እናት ከጠርዝ ይቆማሉ፤ እዚያም ሰፊው ሌንስ ይለጥጣቸዋል። ልጁን ያስተማሩት እነርሱ ናቸው፤ በሥዕሉ ውስጥ እንግዳ መስለው ይቀራሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በምረቃው ቀን ከሕንፃው በስተ ምሥራቅ ባለው ጥላ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወንበር ይቀመጥ። ወላጆች ይቀመጡ፤ ተመራቂው ከኋላቸው ወይም ከመካከላቸው ይቁም። ደኅና ስልክ ወይም ካሜራ ያላቸው ከታችኛው ክፍል ፈቃደኞች ተራ ገብተው፣ ቁጢጥ ብለው፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቆመው ያንሡ። ፎቶ አንሺ መቅጠር ላልቻለ ቤተሰብ ይህ በነጻ ይሁን። ሥዕሉን በስልክ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ወላጆች የሚቀበሉበት ስልክ የላቸውም፤ ባይሆን አንድ አንድ ታትሞ በፖስታ ታሽጎ በእጃቸው ይሰጥ። የማሳተሚያው ወጪ ከማኅበሩ የበዓል ገንዘብ ላይ ለባንዲራና ለፊኛ ከሚወጣው ቢቀነስ ይሸፈናል ብለን እናምናለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጋዜጣው አዘጋጆች አስመዝግቡ፤ ሁለቱን ወንበር ከአዳራሹ የማስፈቀዱን ጉዳይ ግን ለኮሚቴው ትተናል።